የጋቢናው ታማሚ

አብሮ አደጌ ወዳጆ እኔን ያታለለኝ በገዛ መኪናዬ ውስጥ ነው። ከመሐል ሜዳ ደብረ ብርሃን ስመላለስ ያሸበትኩ ሾፌር ነኝ። የተሳፋሪን ፊት አይቼ ማን ለቅሶ እንደሚሄድ፣ ማን ፍርድ ቤት እንደሚቀርብ፣ ማን ደግሞ ሞላሌ ሳንደርስ እንደሚያስመልሰው አውቃለሁ እያልኩ እኩራራ ነበር። ይኸው አንድ የባና ሸማኔ ዐይኔ እያየ ጤነኛዋን ጋቢና አስቀምጬ፣ በሽተኛውን የኋላ ጎማ ላይ እንዳንገጫግጨው አደረገኝ። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ደሜ ይፈላል። ወዲያው ደግሞ ሳቄ ይቀድመኛል።

ወዳጆ የቀየት ሰው ነው። እንደ አገሩ ሰው ሁሉ ገብስ ያርሳል፣ በግ ያረባል። እጁ የተባረከው ግን በባና፣ በበግ ጠጉር ብርድ ልብስ ነው። ሚስቱ ጥሩሸዋ የበጉን ጠጉር ትፈትላለች፣ እሱ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ ይሸምናል። የሱን ባና የደረበ ሰው በጥር ውርጭ ደጅ ቢያድር ግድ የለውም። የኔ መኪና የሾፌር ወንበር ላይ የተነጠፈውም የሱ ሥራ ነው። ወንበሩ አርጅቶ ተለውጧል፣ ባናው ግን እንዳለ ነው።

ሰውየው ዝምተኛ ነው፤ ዝምታውም የኩራት ዝምታ ነው። ተማሪ ቤት ሳለን ጥርሱን ታሞ ጉንጩ ተነፍቶ መጣና መምህራችን «ምን ሆነህ ነው?» ቢሉት «ቆሎ ጎርሼ ነው» አላቸው። አመመኝ የሚል ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ብርድ መታኝ እንኳ አይልም።

የባና ሸማኔ ደግሞ አንድ የሚታወቅበት ነገር አለው። የሱፍ ማግ ወፍራም ስለሆነ አጥብቀው ካልመቱት አይተኛም። ሸማኔው ለመምታት ወደ ፊት ይደፋል፤ በተደፋ ቁጥር፣ የተሠራው ባና የሚጠቀለልበት እንጨት ደረቱን ይገፋዋል። ይህ ዓመት በዓመት ላይ ሲደራረብ እዚያ ቦታ ላይ ያለው ቆዳ እንደ ተረከዝ ይጠነክራል። የወዳጆ አባት ነበራቸው፤ አያቱም ነበራቸው። በቀየት ሸማኔዎች ዘንድ ይኼ የሙያ ምልክት ነው። ሲወጣላቸው «እንጨቱ ፈረመልኝ» ይላሉ፤ ወጣቶቹ እስኪፈርምላቸው ይቸኩላሉ።

ስለዚህ ወዳጆ በግራ ጡቱ ጫፍ ሥር ባቄላ የምታህል ጠጣር ነገር ሲያገኝ አልደነገጠም። እንዲያውም ደስ አለው። ቅቤ ቀባባትና ሥራውን ቀጠለ። ባቄላዋ አደገች። የጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ሰረጎደ። ያንንም እንጨቱ ነው አለ። እንዲህ እያለ ከዓመት በላይ ከረመ። ሰው በርኖሱንና ሹራቡን ለብሶ ውሎ ለብሶ በሚያድርበት አገር የወንድ ደረት ማን ያያል?

ያየችው ልብሱን የምታጥበው ሚስቱ ናት።

«ይሄ ደም የምንድን ነው?» አለችው ጥሩሸዋ ሸሚዙን ዘርግታ።

«እንጨቱ ልጦኝ ነው።»

«እንጨት ከውስጥ ወደ ውጭ መላጥ የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? በል ክፈተው።»

ከፈተው። አየችና የያዘችውን ሸሚዝ ጣል አደረገችው። ከዚያ «አንዷ በጋችን እንዲህ ብትሆን ይኼኔ ሐኪም ፍለጋ አገር አዳርሰን ነበር» አለች። በማግስቱ እየጎተተች መሐል ሜዳ አስመረመረችው። መሐል ሜዳ ወደ ደብረ ብርሃን ላኩት። ወዳጆ ሰው እንዳይጠረጥር ባና ተሸክሞ፣ ገበያተኛ መስሎ ነው የሄደው። እኔም አሳፍሬው ስለ ባና ዋጋ እየጠየቅኩት ነው የደረስነው። ደብረ ብርሃን ከእብጠቱ በመርፌ ቀድተው መረመሩና ስሙን ነገሩት፤ የጡት ካንሰር።

«ወንድ እኮ ነኝ» አለው ወዳጆ ሐኪሙን።

«አውቃለሁ» አለው ሐኪሙ። «ወንድም ይታመማል። ብዙ አይደለም እንጂ ይታመማል።»

አዲስ አበባ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ተጻፈለት። እሱ ግን ቤቱ ገብቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሞት አልነበረም ያስፈራው፤ ሞትን ቢሆን ዝም ብሎ ይጠብቀው ነበር። ያስፈራው ገበያ ላይ «ወዳጆን የሴት በሽታ ያዘው» መባሉ ነው። እዚሁ ልቅር፣ ከነስሜ ልቀበር አለ። ጥሩሸዋ ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ አለቀሰችበት። በመጨረሻ ማንም እንደማያውቅ ምላለት እሺ አሰኘችው።

እንግዲህ እኔ የገባሁበት እዚህ ላይ ነው።

ያን ዕለት መሐል ሜዳ መናኸሪያ ሁለቱም በጠዋት መጡ። ጥሩሸዋ ፊቷ አባብጧል፤ ለካ ሌሊቱን ስታለቅስ ነው ያደረችው። ወዳጆ እንደ ወትሮው ቀጥ ብሎ ቆሟል። የኔ አፍ ደግሞ አያርፍም።

«ወዳጆ፣ ምነው በሰላም? ማንን አሞት ነው?» አልኩት ሰው ሁሉ እየሰማ።

አፉን ከፈተ። ዘጋው። ከዚያ «እሷን» አለ።

«ምኗን?»

«ጡቷን።»

ጥሩሸዋ ዞር ብላ አየችው። ፊቱ ላይ ምን እንዳየች እንጃ፤ ነጠላዋን ወደ ፊት ሳብ አድርጋ አንገቷን ደፋች። እኔ ታዲያ ጋቢና ተደላድሎ የተቀመጠውን የእህል ነጋዴ «ውረድ፣ የታመመ ሰው አለ» ብዬ አስወረድኩት። ጥሩሸዋን ደግፌ አስገባሁ። የባናውን ጫፍ እግሯ ላይ ጣል አደረግሁላት። ወዳጆን ከኋላ፣ ጎማው ላይ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጎን ወሸቅሁት። ኮረኮንቹ ላይ ፍሬን በያዝኩ ቁጥር ለጋቢናዋ ታማሚ እየሳሳሁ ቀስ እል ነበር። ኋላ ያለው ምን እንደሚሆን ማን አስቦት!

ማታ ስመለስ መሐል ሜዳ ላይ ለጠየቀኝ ሁሉ ነገርኩ። ላልጠየቀኝም ነገርኩ። ወሬው እነሱ አዲስ አበባ ሳይደርሱ ቀየት ደረሰ።

አዲስ አበባ የሆነውን የሰማሁት ኋላ ነው። ሐኪሟን የሚጠብቁበት አግዳሚ ወንበር በሴቶች ተሞልቶ ነበር። ባል የሚመስሉ አንዳንድ ወንዶች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። ወዳጆም ከነሱ ጋር ግድግዳውን ተደገፈ። ነርሷ በሩን ከፍታ «ወይዘሮ ወዳጆ!» ብላ ተጣራች። ማንም አልተነሳም። ደግማ ተጣራች። ጥሩሸዋ በክርኗ ጎሸም አደረገችው፤ እሱ ጣራውን ያያል። ነርሷ ልትዘጋ ስትል ጥሩሸዋ ራሷ «አቤት! እሱ ነው፣ ይሄውና!» ብላ ገፋችው።

የሴቶቹ ዐይን ሁሉ እሱ ላይ አረፈ። ወዳጆ መሬት ብትከፈት በገባ ነበር። ከመካከላቸው ራህማ የምትባል የሸዋ ሮቢት ነጋዴ፣ ፀጉሯ በመድኃኒቱ አልቆ ሻርፕ የጠመጠመች ሴት፣ ገልመጥ አድርጋ አየችውና «ውይ ወንድሜ! ይሄ በሽታ ለኛ ብቻ የተተወ መስሎን ነበር። ግባ፣ ስትወጣ ቦታ እንይዝልሃለን» አለችው። ሴቶቹ ሳቁ። ወዳጆ ሲወጣ እውነትም ተጠጋግተው ቦታ ይዘውለት ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግድግዳ አልተደገፈም።

ሐኪሟ ዶክተር እፀገነት ትባላለች። ወጣት ናት፣ ቃሏ ግን የተመጠነ ነው።

«አባባ፣ ወንድም ትንሽ ጡት አለው» አለችው። «ትንሽም ብትሆን ትታመማለች። የእርስዎን እጢ መርምረነዋል። በጣም ትልቅ አይደለም። ከብብትዎ ንፍፊቶች ወደ አንዷ ተሻግሯል፣ ከዚያ አላለፈም። ደግሞ ሆርሞን እየተመገበ የሚያድግ ዓይነት ነው። ወንዶች ላይ የምናየው አብዛኛው እንዲህ ያለ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ምግቡን የሚከለክል ክኒን አለን።»

«ታዲያ ወንዶቹ ለምን ይሞታሉ?»

«ሁሉም አይሞቱም። የሚሞቱት ብዙዎቹ ዘግይተው ስለሚመጡብን ነው። አንዱ ምች ነው ይላል፣ አንዱ ብርድ ነው ይላል። እርስዎ ምን መስሎዎት ነበር?»

ወዳጆ ስለ እንጨቱ ነገራት። ዶክተር እፀገነት አልሳቀችም። «አሁንም ጊዜው አላለፈም» አለችው። ከዚያ ደግሞ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እህት ወይም ወንድም አለዎት?» አለችው።

«አንዲት ታላቅ እህት አለችኝ።»

«ይንገሯት። ይሄ በሽታ አንዳንዴ በዘር ይሄዳል፤ ወንድ ላይ ሲመጣ ደግሞ የበለጠ እንጠረጥራለን። መጥታ ትመርመር።»

ወዳጆ እሺ አለ። እሺ ማለት ቀላል ነው። ለእህቱ ሊነግር ቢሆንማ መጀመሪያ ለኔ በነገረኝ!

ጡቱ ከነእብጠቱ ተቆርጦ ወጣ። ቁስሉ ሲያገግም ኬሞ የሚሉትን መድኃኒት በደም ሥሩ ይሰጡት ጀመር። ለዚህም በየሦስት ሳምንቱ መመላለስ ነበረበት። ገና ከቀዶ ጥገናው ባልና ሚስቱ ቀየት ሲገቡ ግን ቤቱ በጠያቂ ተሞልቶ ጠበቃቸው። ጎረቤቱ ወተት ይዟል፣ እንቁላል ይዟል፣ ዳቦ ጋግሯል። ሁሉም ወደ ጥሩሸዋ ነው። «እግዜር ይማርሽ፣ እግዜር ይማርሽ።» አልጋ ላይ አጋደሟት። እሱን ደግሞ ቁስሉ ሳይደርቅ «ምን ታያለህ? እንጨት ፍለጥ እንጂ!» አሉት።

ያን ሌሊት ባሏን እንዲህ አለችው፤ «ስሙን እኔ እሸከምልሃለሁ። ክኒኑን የምትውጠው፣ መርፌውን የምትወጋው ግን አንተ ነህ። አንዲት ቀን ብታስቀር ቅዳሜ ገበያ መሃል ቆሜ ነው የምናገረው።» እሱም አላስቀረም። እንጨቱንም እሷው ተደብቃ ፈለጠችለት።

መጀመሪያ ላይ ነገሩ እንዳሳቃት እሷው ነግራኛለች። ውሃ የሚቀዱላት ሌሎች፣ በረት የሚጠርጉላት ሌሎች። «ከተወለድኩ እንዲህ አርፌ አላውቅም» ትላለች። የወዳጆ ፀጉር በመድኃኒቱ መርገፍ ሲጀምር ደግሞ ተላጨው። ቀየት ምን አለ መሰላችሁ? «አይ ባል! የሚስቱ ፀጉር ቢያልቅ የሱንም ላጨው!» ተባለ። ሴቶች ለባሎቻቸው ምሳሌ አደረጉት። እኔም ለተሳፋሪ ሁሉ ስለ ባልነቱ ሰብኬአለሁ። የጥሩሸዋን ሻሽ ደግሞ ማንም አላወለቀውም፤ ከሥሩ ሹሩባዋ እንዳለ ነው።

አንድ ቀን ከኬሞው ሲመለሱ ሞላሌን እንዳለፍን ወዳጆ መኪናው ውስጥ አስመለሰው። እኔ ጥግ ይዤ አቆምኩና ወረድኩበት። «የታመመችው ሚስትህ ጋቢና ላይ እንደ እመቤት ተቀምጣለች፤ አንተ ጤነኛው ታስመልሳለህ? እፈር እንጂ!» አልኩት። አፉን በባና ጫፍ ጠራርጎ «ይቅርታ፣ ኮረኮንቹ ነው» አለኝ። ይሄን ሳስብ ራሴን በጥፊ ማጮል ያምረኛል።

ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። ሰው ጥሩሸዋን ሲያነጋግራት ዐይኑን ደረቷ ላይ ማሳረፍ ጀመረ። ከሷ ቤት የመጣ ዳቦ አልበላ አለ። ከሁሉ የባሱት ደግሞ የወዳጆ እህት እትዬ አመተሥላሴ ነበሩ። እትዬ የዘመሮ ነዋሪ ናቸው፤ ባል የሞተባቸው፣ ቀጥ ያሉ፣ ምላሳቸው እንደ መቀስ የሆነ። ወንድማቸውን ከልብ ይወዳሉ፤ ጥሩሸዋን ግን ከሠርጓ ቀን ጀምሮ አልወደዷትም። መጡና ቤቱ ውስጥ ተቀምጠው፣ እሷ እየሰማች፣ «በኛ ዘር ጡት ያመመው የለም። ይሄ ከእናቷ ወገን ነው» አሉ። ቆየት ብለው ደግሞ ወንድማቸውን ደጅ ጠሩት።

«አንተም ሰው ነህ» አሉት። «ከሷ በኋላም ትኖራለህ። ዘመሮ አንዲት ደህና ሴት አይቻለሁ። ልጅ እግር ባትሆንም ባለሙያ ናት።»

ጥሩሸዋ ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ልቃቂት እየጠቀለለች ነበር። ክሩ ከእጇ ወደቀ። ባሏ ምን እንደሚመልስ ጠበቀች። ወዳጆ ግን ምንም አልመለሰም። ገብቶ ሲያያት አላለቀሰችም፤ ልቃቂቷን አንስታ «መድኃኒትህን ውጠሃል?» ብቻ አለችው። ወዳጆ ከዚያ ሁሉ መርፌና ከዚያ ሁሉ ማስመለስ ይልቅ ያች ጥያቄ አሳመመችኝ ይላል።

ኬሞው ባለቀ ሰሞን እትዬ አመተሥላሴ ሌላ ነገር አመጡ። ጥሩሸዋ ሰባት ቀን ጠበል ትጠመቅ አሉ። አገሩም ደገፋቸው። የሚካኤል ጠበል ከገደሉ ሥር ነው የሚፈልቀው፤ ጊዜው ጥር ነበር፣ ሣሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ የሚያድርበት። ጥሩሸዋ ምን ትበል? አልታመምኩም ትበል? በመጀመሪያው ጠዋት ገባች። ከንፈሯ ጠቁሮ ወጣች። በማግስቱም ገባች። ሳል ጀመራት። ቤት ስትገባ ወዳጆ እግሯን በባና ጠቅልሎ አሸላት። «ይብቃ፣ አትሂጂ» ቢላት «ታዲያ ምን ብዬ ልቅር?» አለችው።

ሦስተኛው ጠዋት እሑድ ስለነበር ሕዝብ በዛ። እኔም ሰው ጭኜ ወርጄ ነበር። እትዬ አመተሥላሴ ከፊት ሆነው ያስተባብራሉ። አጥማቂው አባ ገብረ አማኑኤል መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። ጥሩሸዋ ነጠላዋን አጣፍታ እየሳለች ወደ ውሃው ስትራመድ ወዳጆ ከወንዶቹ መሃል ወጣ። ክንዷን ይዞ አስቆማት።

ከዚያ በርኖሱን አወለቀና እሷ ላይ ደረበው። ሹራቡን አወለቀ። ሸሚዙን ቁልፍ በቁልፍ ፈታ። ሰው ሁሉ ይሄ ሰው ምን ነካው እያለ ያያል። ሸሚዙ ሲወርድ በግራ በኩል ጡት የለም፤ ከደረቱ መሃል እስከ ብብቱ ድረስ እንደተሰፋ ጆንያ አፍ ያለ ረጅም ጠባሳ አለ።

«አባ፣ ጠበሉን ለኔ ያፍስሱልኝ» አለ። ድምፁ እንዲህ ከፍ ብሎ ሰምቼው አላውቅም። «የታመምኩት እኔ ነኝ። ጥሩሸዋ ጤነኛ ናት። የጡት ካንሰር ነው። እንጨቱ የፈረመልኝ መስሎኝ ዓመት አስቀመጥኩት። ስሙ ቢያሳፍረኝ እሷ ላይ ጣልኩት፤ እሷም ተሸከመችልኝ። ስትሰድቧትም፣ ዳቦዋን ስትጠየፉም፣ ሚስት ስትመርጡልኝም ዝም ብላ ተሸከመችልኝ። አሁን ወርጄ ሸክሜን ልወስድ መጥቻለሁ።»

ውሃው ብቻ ይንዠቀዠቃል። እኔ እንግዲህ አፌን መቆጣጠር መቼ ተፈጥሮልኝ! «እና እኔ ጋቢና ያስቀመጥኳት?!» ብዬ ጮህኩ። በተቀደሰ ቦታ፣ በእሑድ ጠዋት።

መጀመሪያ የሳቀችው ጥሩሸዋ ናት። በርኖሱ ውስጥ እንደተጠቀለለች፣ እያሳላት፣ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ሌላው ሳቀ፤ ከዚያ አንዲት ሴት እልል አለች፤ እልልታው ገደሉን ሞላው። አባ ገብረ አማኑኤልም እየሳቁ ነበር፤ ሳቃቸውን በመስቀሉ ሸፍነው «በል ግባ፣ ብርድ ሳይገድልህ» አሉት። እግዚኦ ተሣሃለነ እያልን ውሃው ራሱ ላይ ሲወርድ ወዳጆ ቀጥ ብሎ ቆመ። ከወጣ በኋላ አባ «ጠበሉ ከመድኃኒቱ አይጣላም። ክኒንህን እንዳትተው» አሉት። «አላስተውም» አለች ጥሩሸዋ። አለቀስኩ። ሾፌር ምን ያስለቅሰዋል የሚለኝ ካለ በኔ ቦታ ሆኖ ይየው።

እትዬ አመተሥላሴ ግን ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለው ቀርተዋል። ወዳጆ ውሃው እየተንጠባጠበ ፊታቸው ቆመ።

«እትዬ፣ ሐኪሟ ለእህትህ ንገር ብላኝ ነበር። ዋሽቼ አስቀረሁት። ይሄ ከጥሩሸዋ እናት ወገን አይደለም፤ ከኛ ነው። አንቺም መመርመር አለብሽ።»

አሳፈርከን ብለው የሚጮሁ መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግን ተነሥተው ወደ ጥሩሸዋ ሄዱ። እጇን ያዙና ከሕዝቡ ነጥለው ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ጀርባ ወሰዷት። ቆይተው ሲመለሱ የሁለቱም ፊት ተለውጧል። እትዬ በቀኝ ጡታቸው ውስጥ አንዲት ጠጣር ነገር ካገኙ ሰንብተው ነበር፤ በኛ ዘር የለም ብለው ችላ ብለዋታል። ያሳዩት ደግሞ ለወንድማቸው ሳይሆን ለጥሩሸዋ ነው።

«ነገ እንሄዳለን» አለች ጥሩሸዋ። «መንገዱን አውቀዋለሁ።»

ያን ጉዞ መኪናዬን ደብረ ብርሃን አቁሜ አብሬአቸው አዲስ አበባ ገባሁ፤ ከዚህ በኋላ ያለ ምስክር ማንንም አላምንም ብዬ። ጋቢና የገቡት እትዬ ናቸው፤ በግራ በቀኝ አጣርቼ ነው ያስገባኋቸው! ሆስፒታሉ ደርሰን አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። አዲስ ነርስ ወጣች። በሳል የከሳችውን፣ ሻሽ ያሰረችውን ጥሩሸዋን አይታ «ታማሚዋ እርስዎ ነዎት?» አለቻት። ጥሩሸዋ ከልማድ የተነሳ አፏን ከፈተች።

«እሷ አይደለችም!» አሉ እትዬ አመተሥላሴ ብድግ ብለው፤ ኮሪደሩ በሙሉ ዞረ። «እኔ ነኝ! አመተሥላሴ እባላለሁ፣ የታመመው የኔ ጡት ነው። እሷ ብዙ ታማለች፣ ይበቃታል።»

ጥሩሸዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከሠርጓ ቀን ጀምሮ ከእኒህ ሴት አንድ ደግ ቃል ስትጠብቅ ኖራለች።

የእትዬ እጢ ገና ትንሽ ነበረች፣ ወደ ብብት አልተሻገረችም። ተቆርጣ ወጣች፤ ዳኑ። «ከወንድሜ የኔ ይሻላል፣ እኔ ቶሎ ነው የመጣሁት» እያሉ ዛሬም ይፎክራሉ። የቀየት ሸማኔዎችም ከጉድጓዳቸው እየወጡ ሸሚዛቸውን መፍታት ለመዱ፤ «ይሄ እንጨቱ ነው ወይስ ሌላ ነው?» እያሉ ለወዳጆ ያሳዩታል። እሱም በጣቱ ይዳስስና «እኔ አላውቅም፣ መሐል ሜዳ ሂድ» ይላል። ሰውየው ዝምተኛነቱን ትቷል፤ ስለ ጡቱ ገበያ ላይ ያወራል። እኔን ራሴን እያሳቀ አስመርምሮኛል።

ክኒኑን አምስት ዓመት ዋጠው፤ ጥሩሸዋ አጠገቡ እየቆመች። በዚህ ዓመት፣ መስቀል ካለፈ በኋላ፣ ሦስቱም ለመጨረሻው ምርመራ አዲስ አበባ ወረዱ። ሲመለሱ ደብረ ብርሃን መናኸሪያ ላይ እኔው ጠበቅኋቸው። ከሩቅ አካሄዳቸውን አይቼ ገባኝ። ዶክተር እፀገነት ደረቱን፣ ብብቱን፣ ፎቶውን ሁሉ አይታ «አባባ፣ ንጹሕ ነዎት። ክኒኑም ይቁም፤ በዓመት አንዴ ብቻ ይዩኝ» ብላዋለች።

እኔ የጋቢናውን በር ከፈትኩ። ባናውን አራገፍኩና አነጠፍኩ።

«በሉ፣ የታመመ ይግባ» አልኩ።

ሦስቱ ተያዩ። እትዬ ወዳጆን አዩት፣ ወዳጆ ጥሩሸዋን አያት።

«የታመመ የለም» አለች ጥሩሸዋ።

ተያይዘው ወደ ኋላ ገቡ፤ ጎማው ላይ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ጎን፣ ተጠጋግተው ተቀመጡ። አንድ የማላውቀው ሰው ሮጦ መጥቶ ጋቢናው ባዶ ነው ወይ አለኝ። ተይዟል አልኩት። ማን ያዘው ቢለኝ ምን አገባህ ብዬ በሩን ዘጋሁበት። ያን ቀን ጋቢናው ባዶውን መሐል ሜዳ ገባ።